የፖስትግሬስ 18 የቼክሰም ጥበቃ በአዲስ አበባ ሰርቨሮች ዓይን

መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. በወጣው፣ ፖስትግሬስ በተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር 18 ስሪት ውስጥ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለአዲስ ነገር አይደለም። የዳታ ቼክሰም ጥበቃ (መረጃው ዲስክ ላይ ሳለ ቢበላሽ በስሌት የሚያጋልጥ ዘዴ) ከ9.3 ስሪት፣ ማለትም ከጳጉሜን 2005 ዓ.ም. ጀምሮ በሶፍትዌሩ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ዳታቤዙን የሚጭነው ባለሙያ መጀመሪያውኑ አስቦ ካላበራው በስተቀር እንደጠፋ ይኖር ነበር። በ18 ላይ ይህ ተገልብጦ፣ አዲስ የሚፈጠር ዳታቤዝ ሁሉ ቼክሰሙ በርቶለት ይነሳል፤ የማይፈልገው ካለ እሱ ራሱ ያጥፋው ተብሏል። ከሜክሲኮ እስከ ፒያሳ ባሉ ቢሮዎች የተለያዩ ድርጅቶችን ዳታቤዝ የማስተዳድር ሰው እንደመሆኔ፣ ይህን አንድ ለውጥ ለብቻው ልገመግመው የፈለግኩት ጥቅሙም ጉድለቱም በእኛ ከተማ ሁኔታ ጎልቶ ስለሚታይ ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ ቼክሰሙን ሳያበሩ ፖስትግሬስን ለሥራ ማዋል ከእንግዲህ ምንም ምክንያት የሚቀርብለት አይደለም፤ ይሁን እንጂ በርቷል ብሎ መተኛትም አይቻልም፤ ቼክሰም የሚናገረው መረጃው ሲነበብ ብቻ ነውና።

«ዳታቤዝ ተበላሸ» ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ሰርቨሩ አልነሳ ሲል ወይም ፕሮግራሙ የስህተት መልእክት ሲያወጣ ነው። እንዲህ ያለው ብልሽት ራሱን ስለሚያሳውቅ ከሁሉም የሚቀለው ነው። የሚያስፈራው ዲስኩ ያለ አንዳች ቅሬታ የሰጠው፣ ሶፍትዌሩም ያለ አንዳች ጥርጣሬ የተቀበለው የተሳሳተ ቁጥር ነው። ይህን በዓይን ለማየት በላፕቶፕ ላይ ቼክሰሙ የጠፋ ዳታቤዝ ፈጥሬ፣ የዕቃ ዋጋ በሙሉ ቁጥር የሚመዘገብበት ሠንጠረዥ አዘጋጀሁ፤ ከዕቃዎቹ የአንዱ ዋጋ 450 ብር ነበር። ሰርቨሩን በሥርዓቱ ካጠፋሁ በኋላ የሠንጠረዡን ፋይል ከፍቼ፣ ያ ቁጥር ከተጻፈባቸው ቢቶች (ዜሮ ወይም አንድ ብቻ ከሚይዙ ምልክቶች) መካከል አንዷን ብቻ፣ የ8,192 ዋጋ ያላትን፣ ከዜሮ ወደ አንድ ለወጥኩ። ሰርቨሩ ሲነሳ ምንም ማስጠንቀቂያ አልሰጠም፤ የዕቃው ዋጋም 8,642 ብር ተብሎ ተነበበ። ድምር ሲሠራ ድምሩ በዚያው ልክ ተዛባ፤ ባክአፕ ሲወሰድም ባክአፑ 8,642ን ይዞ ወጣ። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደነግጠው ግን በዋጋ ላይ በተሠራው ኢንዴክስ (ረድፎችን በፍጥነት ለማግኘት በሚረዳ ማውጫ) በኩል «ዋጋቸው 450 የሆኑትን አውጣ» ተብሎ ሲጠየቅ የሰጠው መልስ ነው። ኢንዴክሱ የሚቀመጠው በሌላ ፋይል ስለሆነ የድሮውን ቁጥር እንደያዘ ነበርና ረድፉን አገኘው፤ በወጣው ረድፍ ላይ የተጻፈው ዋጋ ግን 8,642 ነበር። አንድ ዳታቤዝ በአንድ ጥያቄ ውስጥ ከራሱ ጋር ሲጋጭ፣ አንድም ስህተት አልተመዘገበም።

ቼክሰም ይህን የሚይዘው እንዲህ ነው። ፖስትግሬስ መረጃውን 8,192 ባይት በሆኑ ገጾች ከፋፍሎ ያስቀምጣል፤ እያንዳንዱ ገጽ 24 ባይት የሚሆን ራስጌ አለው፤ ከዚያ ውስጥ ሁለቱ ባይት ለቼክሰም የተተዉ ናቸው። ገጹ ከሰርቨሩ ሜሞሪ ወጥቶ ወደ ዲስክ ሊጻፍ ሲል የገጹ ይዘት በሙሉ ተሰልቶ አንድ አጭር ቁጥር ይወጣል፤ ቁጥሩም በራስጌው ላይ ይጻፋል። ገጹ ከዲስክ ተመልሶ ሲነበብ ስሌቱ እንደገና ይሠራና ከተጻፈው ጋር ይመሳከራል። የባንክ ገንዘብ ያዥ 100 ኖት ቆጥሮ ሲያስር በማሰሪያው ወረቀት ላይ ምልክቱን እንደሚያኖር፣ ተረካቢውም መልሶ ቆጥሮ ካልገጠመለት እስሩን እንደማይቀበለው ማለት ነው። የተመረጠው የስሌት ዘዴ በሦስት ባለሙያዎች፣ በፋውለር፣ በኖልና በቮ፣ ስም የሚጠራው ኤፍኤንቪ ሲሆን፣ የፖስትግሬስ ሠሪዎች ዘመናዊ ፕሮሰሰሮች ብዙ ቁጥር በአንድ ጊዜ ማስላት መቻላቸውን ለመጠቀም ገጹን በ32 ጎን ለጎን በሚሄዱ ስሌቶች እንዲከፋፈል አድርገው አሻሽለውታል።

እኔ በተለይ የማደንቀው አንድ ትንሽ የሚመስል ውሳኔ አለ። በስሌቱ ውስጥ የገጹ ይዘት ብቻ ሳይሆን ገጹ በፋይሉ ውስጥ ያለበት ተራ ቁጥርም ይገባል። ዲስኩ ወይም ኮንትሮለሩ ተሳስቶ በ40ኛው ገጽ ቦታ መጻፍ የነበረበትን በ41ኛው ላይ ቢጽፈው፣ ይዘቱ በራሱ እንከን የሌለበት ቢሆንም እንኳ ስሌቱ አይገጥምም፤ ስህተቱም ይጋለጣል። ይህ ባይታሰብበት ኖሮ ሙሉ ጤነኛ የሚመስል ገጽ ያለ ቦታው ተቀምጦ የሌላ ደንበኛን ሂሳብ ሲያሳይ ይኖር ነበር።

ከላይ የጠቀስኩትን ሙከራ ቼክሰሙ በበራ ዳታቤዝ ላይ ስደግመው ውጤቱ እንደተጠበቀው ነው። ያችው አንዲት ቢት ከተለወጠች በኋላ ሠንጠረዡን ለማንበብ የተሞከረው ጥያቄ ወዲያውኑ ተቋረጠ፤ በሎጉ (ሰርቨሩ መልእክቶቹን በሚጽፍበት ፋይል) ላይም መጀመሪያ የተሰላው ቼክሰምና በገጹ ላይ የነበረው ቼክሰም በቁጥር ጎን ለጎን ሰፍረው ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ ተከትሎም የስንተኛው ገጽ፣ የየትኛው ፋይል እንደሆነ የሚናገር የስህተት መልእክት መጣ። ዳታቤዙ ግን አልወደቀም፤ ሌሎቹ ሠንጠረዦችም፣ በዚያው ሠንጠረዥ ውስጥ በሌሎች ገጾች ላይ ያሉ ረድፎችም በኢንዴክስ በኩል ሲፈለጉ እንደ ወትሮው ይገኛሉ። የተበላሸውን ብቻ ለይቶ ማገዱ ለሥራ ቦታ ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ ገጽ ተበላሽቶ ድርጅቱ ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ መቁረጥ ሊያቆም አይገባምና።

አሁን ወደ ከተማችን ልምጣ። በመሀል አዲስ አበባ ያሉ አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ሰርቨር የሚሉት ብዙውን ጊዜ ተራ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ነው፤ ኦዱን የመሰለ የሒሳብና የንብረት ሶፍትዌር የሚሠራው በፖስትግሬስ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ስሙን ሰምቶት ባያውቅም በሒሳብ ሠራተኛዋ ጠረጴዛ ሥር ፖስትግሬስ አለ። የጤናው ዘርፍ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ2ም በዚሁ ዳታቤዝ ላይ የተመሠረተ ነው። መብራት ሲጠፋ የዩፒኤሱ ባትሪ አርጅቶ ከሆነ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ እንኳ አይቆይም። ፖስትግሬስ 8,192 ባይቱን ገጽ ሲጽፍ ዲስኩ የሚቀበለው በትንንሽ ቁርጥራጭ ስለሆነ፣ ኃይል በመሀል ሲቋረጥ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ የሆነ ገጽ ሊቀር ይችላል። ሶፍትዌሩ ይህን ለመጠገን የገጹን ሙሉ ቅጂ አስቀድሞ በለውጥ መዝገቡ (እያንዳንዱ ለውጥ ቀድሞ በሚመዘገብበት ፋይል) ውስጥ ይጽፋል፤ ይህም በትክክል ይሠራል። የማይሠራው ዲስኩ ሲዋሽ ነው። አንዳንድ ርካሽ ኤስኤስዲዎች መረጃው ገና በጊዜያዊ ማከማቻቸው ውስጥ እያለ «ጽፌዋለሁ» ብለው ይመልሳሉ፤ መብራቱ ሲሄድ ያ መረጃ አብሮ ይሄዳል፤ ፖስትግሬስም የተማመነበት መዝገብ ራሱ ጎዶሎ ሆኖ ይገኛል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቼክሰም ባይኖር ግማሽ ለግማሽ የሆነው ገጽ እንደ ደህና ገጽ ይነበባል።

የተሻለ ዕቃ ያላቸውም ቢሆኑ ከዚህ ነፃ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2008 የቀረበ፣ ኔትአፕ በተባለው ኩባንያ የማከማቻ ሥርዓቶች ላይ የተደረገ ትልቅ ጥናት 1.53 ሚሊዮን ዲስኮችን በ41 ወራት ውስጥ ተከታትሎ ከ400 ሺህ በላይ የቼክሰም አለመግጠም መዝግቧል። እነዚያ ዲስኮች ለድርጅቶች በተሠሩ የማከማቻ ሥርዓቶች ውስጥ የነበሩ ናቸው። እኛ ዘንድ የሚሠሩት በምን ሁኔታ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

የፋይል ሥርዓቱ ይህን አይዝልንም ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አይዝም ነው። በሊኑክስ ሰርቨሮቻችን ላይ በብዛት የምንጭነው ኤክስት4 የራሱን የአስተዳደር መዝገብ ብቻ እንጂ የፋይሎቹን ይዘት በቼክሰም አይጠብቅም። ዜድኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሥርዓት ይጠብቃል፤ ዲስኮቹ በመንትያ ከተደረጉም የተበላሸውን ከደህናው ራሱ ይጠግናል፤ በዚህ ረገድ ከፖስትግሬስ የበለጠ ይሠራል ማለት ነው። ነገር ግን በእኛ አካባቢ ዜድኤፍኤስን አውቆ የሚያስተዳድር ባለሙያ ያለው ድርጅት ብዙ አይደለም፤ የዳታቤዙ የራሱ ቼክሰም ደግሞ የትኛውም የፋይል ሥርዓት ቢሆን ከሰርቨሩ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ጥበቃው በሥራ ላይ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ለገሃር አካባቢ ካለ አንድ አስመጪ ድርጅት ያጋጠመንን ልንገር። ዳታቤዙ የ14 ስሪት ሲሆን ቼክሰሙ ከመጀመሪያው በርቶ ነበር። በሌሊት የሚሠራው ባክአፕ፣ ፒጂ_ቤዝባክአፕ፣ ገጾቹን ሲቀዳ ቼክሰማቸውን አብሮ ስለሚያመሳክር፣ አንድ ቀን ጠዋት ሥራው በስህተት ማለቁን የሚናገር መልእክት ተገኘ። ፋይሎቹ ሁለት ነበሩ። ፒጂ_ፋይልኖድ_ሪሌሽን በተባለው ተግባር የፋይሎቹን ቁጥር ወደ ስም ስንመልሰው አንደኛው የሽያጭ ሠንጠረዥ ኢንዴክስ ሆነ፤ ኢንዴክስ ከሠንጠረዡ እንደገና የሚሠራ ነገር ስለሆነ ሪኢንዴክስ አድርገን በደቂቃዎች ውስጥ ተገላገልነው። ሁለተኛው ግን የንብረት እንቅስቃሴ የሚመዘገብበት ሠንጠረዥ ራሱ ነበር። እንደ እድል ሆኖ ድርጅቱ በላይኛው ፎቅ ተጠባባቂ ሰርቨር ነበረው። ተጠባባቂው ከዋናው የሚቀበለው የዲስኩን ገጽ ሳይሆን የለውጥ መዝገቡን ስለሆነ፣ የዋናው ዲስክ ያበላሸው ነገር ወደ እሱ አልተላለፈም ነበር። በዚያች ገጽ ላይ የነበሩትን ረድፎች ከተጠባባቂው አንብበን፣ የንብረት ክፍል ኃላፊዋ የወጪና የገቢ ደረሰኞቿን አምጥታ ረድፍ በረድፍ አመሳከረች፤ ሁሉም ገጠመ። በዚያው ቀን ተጠባባቂው ዋና ሆነ፤ የድሮው ኤስኤስዲም ወጥቶ ተጣለ። የጠፋ ረድፍ አልነበረም፤ ቼክሰሙ ባይኖር ኖሮ ግን ብልሽቱ የሚታወቀው ምናልባት በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ላይ፣ ያውም የንብረት ጉድለት ተብሎ በአንድ ምስኪን ንብረት ጠባቂ ስም ተመዝግቦ ነበር። ይህ ሐሳብ ነው ስለ ቼክሰም አጥብቄ እንድናገር የሚያደርገኝ።

ከምስጋናው ቀጥሎ ቅሬታዎቼን ላቅርብ፤ ቀላል አይደሉም።

ዋነኛው ቅሬታዬ መጀመሪያ ላይ የጠቆምኩት ነው። ቼክሰሙ የሚመሳከረው ገጹ ከዲስክ ሲነበብ ብቻ ነው። ማንም የማይከፍተው የሦስት ዓመት የሽያጭ መዝገብ ዛሬ ቢበላሽ፣ ኦዲተር መጥቶ እስኪጠይቀው ድረስ ዳታቤዙ ምንም አይልም፤ እስከዚያ ደግሞ ደህናው ቅጂ ያለባቸው አሮጌ ባክአፖች ቦታ ለማስለቀቅ ተሰርዘው ይሆናል። በራሱ ጊዜ ከጀርባ ሆኖ ገጾቹን እየዞረ የሚያነብ አካል ፖስትግሬስ የለውም። ስለዚህ ይህን ሥራ ለባክአፑ ማሸከም ግድ ይላል። ፒጂ_ቤዝባክአፕ ከ11 ስሪት ጀምሮ፣ ፒጂባክሬስት የተባለው የባክአፕ መሣሪያም እንዲሁ፣ ሁሉንም ገጽ ሲቀዱ ያመሳክራሉ። ብዙ ቢሮዎች መረጃውን ወደ ፋይል ለማውጣት የሚጠቀሙበት ፒጂ_ደምፕ ግን ሠንጠረዦቹን ቢያነብም የኢንዴክሶቹን ገጾች አያነብም፤ በእሱ ብቻ የሚተማመን ሰው የግማሽ ፍተሻ ተጠቃሚ ነው። ባክአፑን በስክሪፕት የምታሠሩ ሁሉ ደግሞ ስክሪፕቱ የስህተት መውጫ ኮዱን እንዳይውጠው አደራ፤ ፒጂ_ቤዝባክአፕ ቼክሰም ያልገጠመበትን ባክአፕ አይሰርዘውም፣ ፋይሉ በቦታው ተቀምጦ ስለሚገኝ ላየው ሰው የተሳካ ይመስላል።

ሁለተኛው፣ ጥበቃው የሚጀምረው ገጹ ከሜሞሪ ሲወጣ መሆኑ ነው። ቢቷ የተለወጠችው ገጹ በራም ላይ እያለ ከሆነ ቼክሰሙ የሚሰላው በተሳሳተው ይዘት ላይ ነውና ስህተቱ ሕጋዊ ማኅተም አግኝቶ ይወጣል። ስህተት የሚያርም ኢሲሲ ራም ያለው ሰርቨር ይህን በአብዛኛው ይከላከላል፤ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ግን ብዙውን ጊዜ የለውም። ዲስኩ ጨርሶ ያልጻፈው ገጽም አይያዝም፦ አሮጌው ገጽ ከአሮጌው ትክክለኛ ቼክሰሙ ጋር በቦታው ስላለ ስሌቱ ይገጥማል። ሙሉ በሙሉ ዜሮ የሆነ ገጽም እንደ አዲስ ባዶ ገጽ ተቆጥሮ ያልፋል። ጊዜያዊ ፋይሎችና አንዳንድ የውስጥ መዋቅሮች ደግሞ ከጥበቃው ውጪ ናቸው። ለእነዚህ ክፍተቶች ኤምቼክ የተባለው ተጨማሪ መሣሪያ ኢንዴክስንና ሠንጠረዥን እርስ በርስ እያስተያየ የተወሰነውን ስለሚሸፍን፣ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ በእረፍት ቀን እንዲሠራ ማድረግ ተገቢ ነው እላለሁ።

ስለ ቼክሰሙ ርዝመት የሚነሳው ትችት በበኩሌ የተጋነነ ነው። 16 ቢት ማለት በዘፈቀደ የተበላሸ ገጽ ሳይታወቅ የሚያልፍበት ዕድል ከ65 ሺህ አንድ ገደማ ነው ማለት ነው። 32 ቢት ቢሆን በተሻለ ነበር፤ ነገር ግን እየሞተ ያለ ዲስክ አንድ ገጽ ብቻ አበላሽቶ አያቆምም፤ አንዱ ቢያመልጥ ሌላው መያዙ አይቀርም። በነገራችን ላይ የለውጥ መዝገቡ ለብቻው ሲአርሲ-32ሲ በተባለ የ32 ቢት ስሌት ይጠበቃል፤ ይህ ደግሞ ቼክሰም ቢጠፋም ባይጠፋም ሁልጊዜ አለ።

በጥብቅ ላስጠነቅቅበት የምፈልገው ግን ኢግኖር_ቼክሰም_ፌይለር የተባለውን ማስተካከያ ነው። ይህ ሲበራ ዳታቤዙ የቼክሰም ስህተትን በማስጠንቀቂያ ብቻ አልፎ የተበላሸውን ገጽ እንደ ደህና ያነባል። ዜሮ_ዳሜጅድ_ፔጅስ የተባለው ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ የተበላሸውን ገጽ ባዶ አድርጎ ስለሚቆጥረው በላዩ ያሉት ረድፎች በሙሉ ይጠፋሉ። ሁለቱም የተዘጋጁት ሌላ ባክአፕ ያጣ ሰው የሚተርፈውን ለማትረፍ በዲስኩ ቅጂ ላይ እንዲጠቀምባቸው ነው። «ሲስተሙ ስህተት እያለ አስቸገረን» ለሚል ደንበኛ ስህተቱ እንዳይታይ ብሎ በዋናው ዳታቤዝ ላይ አብርቶ የሚሄድ ባለሙያ ግን አደጋውን አላጠፋም፣ ምስክሩን ነው ያጠፋው። በአንድ ድርጅት ከእኛ በፊት የነበረ ጫኚ ሁለቱንም በቋሚነት በማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ ጽፏቸው አግኝተናል፤ አዲስ የምትረከቡትን ሰርቨር ሁሉ ለእነዚህ ሁለት መስመሮች ፈትሹ።

ዋጋውን በተመለከተ ገንዘብ አይከፈልበትም፤ የሚከፈለው በጥቂት የፕሮሰሰር ጊዜና በለውጥ መዝገቡ መጠን ነው። የስሌቱ ጫና እኛ በምናስተዳድራቸው ድርጅቶች ተጠቃሚው የሚያስተውለው ዓይነት አይደለም። የመዝገቡ ግን ሊታወቅ ይችላል፤ ምክንያቱም ቼክሰም ሲበራ ሶፍትዌሩ በገጹ ላይ የሚያኖራቸው ጥቃቅን የማስታወሻ ምልክቶች ሲለወጡ እንኳ ከእያንዳንዱ ቼክፖይንት (በሜሞሪ ያሉ ለውጦች በየጊዜው ወደ ዲስክ ከሚጻፉበት ነጥብ) በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የገጹን ሙሉ ቅጂ በመዝገቡ ውስጥ ለመጻፍ ይገደዳል። መዝገቡን በኢንተርኔት ወደ ሌላ ቅርንጫፍ የምትልኩ ከሆነ ይህን አስቡበት።

ነባር ዳታቤዝ ያላችሁ ሰዎች ዋናው ጥያቄያችሁ እንዴት እናብራው የሚለው ይሆናል። የሊኑክስ ዓይነት የሆነው ኡቡንቱ 22.04 ይዞት የሚመጣው የ14፣ 24.04 ደግሞ የ16 ስሪት ስለሆነ፣ እነዚህን የሚጠቀሙ ሰርቨሮች የ18ን ለውጥ አያገኙትም። ከ12 ስሪት ጀምሮ የመጣው ፒጂ_ቼክሰምስ የተባለው መሣሪያ በነባር ዳታቤዝ ላይ ጥበቃውን ያበራል፤ ይሁንና ዳታቤዙ በሥርዓት ጠፍቶ መቆየት አለበት፤ መሣሪያውም እያንዳንዱን ገጽ አንብቦ መልሶ ይጽፋል። በሴኮንድ 150 ሜጋባይት በሚያነብ ዲስክ 300 ጊጋባይት ለማንበብ ብቻ 34 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ የመጻፊያው ጊዜ በዚያ ላይ ይታከላል። ለአንድ የንግድ ድርጅት ይህ የእሁድ ሥራ ነው፤ ቀንም ሌሊትም ለማይዘጋ ሆስፒታል ግን ከባድ ጥያቄ ነው፤ ይህን ያህል ዓመት ካለፈ በኋላ መሣሪያው አሁንም ሰርቨሩን አጥፉ ማለቱን እንደ ጉድለት እቆጥረዋለሁ። ለእኛ የሚያጽናና አንድ ነገር አለ፦ ሥራው በመሀል በመብራት መጥፋት ቢቋረጥ ጥበቃው እንዳልበራ ተቆጥሮ ይቀራል፤ ከመጀመሪያው እንደገና ማስጀመር ይቻላል። ተጠባባቂ ሰርቨር ካለ ሁሉንም አቁሞ በሁሉም ላይ በአንድ ላይ ማብራት ይመከራል፤ በአንዱ በርቶ በሌላው ከጠፋ፣ ገጾችን በቀጥታ የሚቀዱ መሣሪያዎች ቼክሰማቸው የተሳሳተ ገጾችን ሊያስከትሉ ይችላሉ። ወደ 18 በፒጂ_አፕግሬድ የምትሸጋገሩ ደግሞ የድሮውና የአዲሱ ሁኔታ ካልተመሳሰለ መሣሪያው እምቢ ይላችኋል፤ መፍትሔው አዲሱን ቼክሰሙን አጥፍቶ መፍጠር ሳይሆን የድሮውን አስቀድሞ ማብራት ነው።

ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ፖስትግሬስ ወደዚህ ውሳኔ የመጣው ዘግይቶ ነው። የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ስሪቱ ጀምሮ ለአዲስ ዳታቤዝ የገጽ ቼክሰምን አብርቶ ይሰጣል፤ ስህተት ሲያገኝም የ824 ቁጥር መልእክት አውጥቶ የተጠረጠሩትን ገጾች በራሱ ሠንጠረዥ ይመዘግባል። ይህ የመጨረሻው ነገር በፖስትግሬስ ውስጥ ቢኖር እመኝ ነበር። የማይኤስኪውኤል ኢኖዲቢም 16 ኪሎባይት ለሆኑ ገጾቹ ቼክሰምን አብርቶ የሚመጣ ሲሆን፣ የተበላሸ ገጽ ሲያገኝ ግን ሰርቨሩን ራሱን እስከ ማቆም ይደርሳል፤ ጥንቃቄ ቢሆንም ለአንድ ገጽ ሲባል ሁሉን ማቆም ከልክ ያለፈ ይመስለኛል። ኤስኪውላይት በሌላ ጫፍ ነው፤ ተጨማሪ ቅጥያ ካልተጫነለት በስተቀር ምንም የገጽ ቼክሰም የለውም፤ በትንንሽ የሽያጭ መተግበሪያዎች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ደግሞ እሱ ነው።

የክትትሉ ነገር ገና ይቀረዋል። ፖስትግሬስ ያልገጠሙ ቼክሰሞችን ብዛትና የመጨረሻው ስህተት የተገኘበትን ሰዓት ከ12 ስሪት ጀምሮ ፒጂ_ስታት_ዳታቤዝ በተባለው የስታቲስቲክስ ሠንጠረዥ ውስጥ ያሳያል፤ ቁጥሩ ግን ከሌሎቹ ስታቲስቲክሶች ጋር አብሮ የተቀመጠ ስለሆነ ሰርቨሩ በሥርዓት ሳይጠፋ ሲወድቅ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በእኛ ሁኔታ ይህ ማለት ብልሽቱን የፈጠረው የመብራት መጥፋት በተደገመ ቁጥር የብልሽቱን ቆጠራም ይዞት ይሄዳል ማለት ነው። ስለዚህ ያንን ቁጥር በየአምስት ደቂቃው የሚያነብና ከሰርቨሩ ውጪ በሌላ ማሽን ላይ የሚያስቀምጥ አጭር ስክሪፕት መጻፍ፣ ከዜሮ ባለፈ ጊዜም ለኃላፊው ባለሙያ በስልክ መልእክት እንዲልክ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ሎጉንም እንዲሁ ወደ ውጪ መላክ ተገቢ ነው። ስክሪፕቱን ስትጽፉ አንድ ነገር ለዩ፦ ቼክሰሙ በበራበት ዳታቤዝ፣ ስህተት ከሌለ፣ የሚታየው 0 ነው፤ ቦታው ባዶ ሆኖ ከመጣ ግን ጥበቃው ከነአካቴው አልበራም ማለት ነው፤ ስክሪፕቱም ባዶውን እንደ ዜሮ ቆጥሮ እንዳያልፈው ሆኖ መጻፍ አለበት።